አቧራው እስኪረጋ

የእናቴ ወንድም በጭሮ የታወቁ ጫት ነጋዴ ናቸው። ጫት ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ካልተቻኮሉለት ይጠወልጋል። አጎቴ ይህን የሥራ ጠባያቸውን ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ ፊልም ላይም ይዘውት ይገባሉ። ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ የሚቀመጥ ሰው ለእሳቸው ሥራ ፈት ነው።

እኔ ሠርግ እየቀረጽኩ የምኖር ካሜራማን ነኝና በዚህ ስንነታረክ ኖረናል። ከሁሉ የሚወዱት የጦርነት ፊልም ነው። ግን አክተሩ የመጨረሻውን ጠላት ሲጥል እሳቸው ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ እንኳ መጨረሻውን ቁጭ ብለው እንዲያዩልኝ እመኝ ነበር።

አንድ እሑድ ቤቴ ጠርቼ የምወደውን የጦርነት ፊልም ከፈትኩላቸው። ተኩሱ አልቆ ወታደሮቹ በመኪና ከመንደሩ ሲወጡ፣ «ሃ ዴምኑ! እንሂድ፣ አለቀ እኮ» ብለው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ዋናው ገና አሁን ነው፤ ይቀመጡ።»

ካሜራው መኪናውን አይከተልም። ልጁን የሸኘ አንድ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ አቧራው እስኪረጋ ድረስ እሱን ብቻ ያሳያል። ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ። ተኩሱን ሁሉ ረስቼው ይህን ሰው ግን ልረሳው ያልቻልኩት ለምን እንደሆነ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«መኪናው ሄዷል። ሰውዬው ቤቱ አይገባም እንዴ? ሥራ የለውም?»

ፊልሙን የቀረጸውንም ሰው «ካሜራውን ተክሎ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው» አሉት። ሙያዬ ተነክቶብኝ አኮረፍኩ፤ እሳቸው ማኩረፌን ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም።

ባለፈው ጥር አንዲት ልጃቸውን ለመቻራ ሰው ዳሩ። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ «ቶሎ ብሉ! ቶሎ ጨፍሩ!» ሲሉ ዋሉ፤ መራቂዎቹን ሳይቀር አጣደፏቸው። የሙሽሮቹ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲወጣ ሸኚው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። እኔ እንደ ልማዴ ባዶውን መንገድ ልቀርጽ ቆየሁ። ባዶ ግን አልነበረም። አጎቴ ክራቫታቸው ተጣሞ መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። አቧራው ረጋ፤ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ካሜራውን ማጥፋት አቃተኝ።

ቪዲዮው ተቀናብሮ ሲያልቅ ቤታቸው ወስጄ ከፈትኩላቸው። ጭፈራው እንዳበቃ ብድግ ሲሉ ኮታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። መኪናው ሄደ። መንገዱ ላይ የቀረውን ሰው አዩት። ቴሌቪዥኑ ከጠቆረ በኋላም አልተነሡም። ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ቀልድ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ የጦርነት ፊልም አሁንም አለህ?»

«አለኝ፣ ጋሼ።»

«ሽማግሌውን ያለ ነገሩ ሰድቤዋለሁ። አምጣው እስቲ። መጨረሻውን ብቻ።»