የተሰፋው ቅል

በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አንዲት እንግዳ ቅሉን አይታ «ማን ነው የሰፋው?» ስትለኝ፣ «አላውቅም» ማለት ለምን አቃተኝ? ይህን ያህል ዓመት አስቤበት ዛሬም መልስ የለኝም።

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ የግል ሙዚየም ነበር አስጎብኚ ሆኜ የተቀጠርኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረስኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ፣ አብረውኝ የተቀጠሩት የታናናሾቼ እኩዮች ነበሩ። እንዳላፍር የቅርስ መዝገቡን ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አጠናሁ። በመግለጫ ካርዶቹ ላይ ያገኘሁትን የፊደል ግድፈት ሁሉ በእርሳስ አክብቤ ለኃላፊያችን ለአቶ ግርማ ሰጠኋቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና ሳትጀምሪ ሁላችንንም ልታስባርሪ ነው?» ብለው ሳቁ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ የትራንዚት መንገደኞች ነበሩ፤ በሁለት በረራ መካከል ሦስት ሰዓት ያላቸው። አቶ ግርማ የግምገማ ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላ ይከተሉናል። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ በጠፍር የተሰፋው የወተት ቅል ፊት ስንደርስ ነው ሴትዮዋ የጠየቀችኝ። መዝገቡ ስለዚያ ቅል የሚለው አራት ቃል ብቻ ነበር፦ ቅል፣ ለወተት፣ የተሰፋ፣ ከገርጂ።

«እናት ናት የሰፋችው» አልኩ። «ወተት የምታመላልስላት ልጇ ሞተችባት። ቅሉ የተሰነጠቀው በዚያው ቀን ነው። እናትየው መጣል አቅቷት ሰፍታ አኖረችው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ስትወጣም አቀፈችኝ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አገኘሽው?» አሉኝ አቶ ግርማ።

«ሳነብ።»

መጽሐፍ ከእጄ እንደማይጠፋ ስለሚያውቁ ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

ከጎብኚ ያገኘሁት ምስጋና አብዛኛው ቅሉ ካለበት የመስታወት ሳጥን ፊት የመጣ ነው። አንድ ኬንያዊ እዚያው ቆሞ እናቱ ጋ ደወለ። ተኮራርፈው የገቡ ሁለት እህትማማቾች ተያይዘው ወጡ። በአስተያየት መዝገቡ ላይ ስሜ ሲደጋገም ባልደረቦቼም ታሪኩን ወሰዱት። በኋላ ካርድ ይጻፍለት ተባለና የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። «ተወልጄ ያደግኩት ገርጂ ነው» የሚል ጎብኚ ሲገባ፣ ሰዓቴን አይቼ «ጊዜ አጠረን» እልና ሳጥኑን አሳልፋቸዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሰባት ዓመት ሠራሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። እማማ ድንቄ ይባላሉ። ልጅቷ ሊያ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ትሠራለች። እማማ የትኛውም ሳጥን ጋ ሳይቆሙ ቀጥ ብለው ወደ ቅሉ ሄዱ።

«ይሄውልሽ የኔ ቅል! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤታችን ሲፈርስ ነው ለነዚህ የሰጣቸው።»

ሊያ ካርዱን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«የማን ልጅ ናት የሞተችው?» አሉ እማማ።

«ያንቺ ነዋ! እማዬ፣ ሌላ ሴት ልጅ ነበረችሽ እንዴ? ሲክሬት ነው?» ሊያ ትስቃለች።

«ኧረ ወዲያ! ላሟ ናት የረገጠችው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደንብራ። እኔው ሰፋሁት፣ አውሮፕላኑንም ላሟንም እየረገምኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ማን ነገራችሁ?»

ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። «መዝገብ ላይ ያለ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «ከተጻፈማ… እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ። እኔን አሁን አሁን ነገር ይጠፋብኛል» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በሳምንቱ ሊያ ደወለችልኝ። ድምጿ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

«እህቴ፣ አያቴ እንቅልፍ አጥታለች። የልጄ ስም ማን ነበር እያለች የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። ተዝካሯን ሳላወጣ፣ ለነፍሷ ሳላስጸልይ ረሳኋት ብላ ታለቅሳለች። ሐኪም ጋ ልንወስዳት ነው። እስቲ ፕሊስ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ስሟ ካለ ትረጋጋለች።»

መዝገቡን ገለጥኩ። አራቱ ቃላት እዚያው ናቸው፤ ከሥራቸው ባዶ መስመር አለ። እስክሪብቶ እጄ ላይ ነበር። ስም መጻፍ እንደምችል አሰብኩ፤ የትኛውን ስም እንደምጽፍ ጭምር መርጬ ነበር። በራሴ ደነገጥኩና መዝገቡን ዘጋሁት።

በማግስቱ ለአቶ ግርማ ነግሬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሦስት ወርም ቲኬት መቁረጫ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። አስቀድሜ የነገርኩት ግን ለእሳቸው አይደለም።

ሊያ የደወለች ዕለት ቤታቸውን ከእሷ ጠይቄ፣ የከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። ከመገናኛ የገርጂ ታክሲ ያዝኩ። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። እማማ ድንቄ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት በር ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል። መቀመጥ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ልጅ አልሞተችብዎትም። እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኳት። መዝገቡ ላይ የለችም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ላሟስ?»

«እርስዎ እንዳሉት ነው።»

«አውሮፕላኑስ?»

«እሱም።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲገልጡት እያለቀሱም እየሳቁም ነበር። «አእምሮዬን ሳትኩ ብዬ ነበር እኮ! ልጄን ረሳሁ ብዬ!» አሉና ክንዴን በመዳፋቸው መቱኝ፤ ያማል። «አንቺ ክፉ! ላልወለድኩት ስታስለቅሺኝ ከረምሽ!»

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልለመንኳቸውም። ቆሜ ጠበቅኩ።

«በይ ቁጭ በይና ጻፊ» አሉ በመጨረሻ። «ላሟ ቦራ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት።»

ለአዳዲስ አስጎብኚዎች የምለው ይህን ነው፦ መዝገቡ ላይ የሌለውን አትጨምሩ። ባለቤቱ በሕይወት ሊኖር ይችላል።