የጋራዣችን ትርጓሜ ቤት

ጋራዣችን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። ሚኔሶታ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናዋ ጋራዥ ያደረችላት ሴት በጥር ወር ቁልፏን አዙራ ትሄዳለች፤ ደጅ ያደረችባት ግን መስተዋት ስትፍቅ፣ በረዶ ስትጠርግ፣ ባትሪዋን ስትለማመጥ ሰዓቱ ያልፍባታል። እኔ ራቅ ብሎ ዉድበሪ ነው የምሠራው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። ስለዚህ ጋራዡ የእኔ ነበር።

አንድ የጸደይ ቀን ባለቤቴ እንግሊዝ ሠራሽ የስፖርት መኪና በተጎታች አስጭኖ መጣ። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነገር ናት። አጠገቧ ስቆም ወገቤ ጋ አትደርስም። ሞተሯ አይነሣም። ገፍተው ጋራዥ አስገቧት፤ የእኔን መኪና ደግሞ ባለቤቴ ራሱ በታላቅ ትሕትና ወደ ደጅ አወጣት።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አልኩት።

"ድራይቭ ላደርጋት ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ በታክሲ ሰው ሳመላልስ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ከኋላዬ ሰው ያልተቀመጠባት መኪና ልንዳ።"

 "መቼ?" አልኩት።

"በረዶ ሳይጥል በራሷ ጎማ ትወጣለች።"

"ካልወጣችስ?"

"ትሸጣለች። ጋራዥሽን ትረከቢያለሽ።"

ልጃችን ከስልኳ ቀና ሳትል "አይ ኸርድ ዛት" አለች፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። ምስክር አገኘሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ፊደል በሚያስቆጥሩበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ከመጽሐፍ ጋር አይቀላለድም። ከሽፋኑ ይጀምራል፤ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው የሚለውን ሳይቀር አንብቦ ነው ወደ መቅድሙ የሚያልፈው። መኪና የገዛ ሰው መጽሐፏንም ይገዛል ብዬ ከሌክ ስትሪት አለፍ ብሎ ወዳለ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ሄድኩ። የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ለብቻዋ መደርደሪያ አላት። እንዴት እንደምትገዛ የሚያስተምር አለ፤ ገዝተው የተጸጸቱትን የሚያጽናና አለ፤ ባለ ትልልቅ ፎቶም አለ፣ መኪናዋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ኮረብታ ላይ የቆመችበት፣ ከሥሯ የተጋደመ ሰው ግን በአንዱም ገጽ የማይታይበት። ስለ መብራቷና ስለ ሽቦዋ ብቻ የተጻፈው መጽሐፍ ስለ ሞተሯ ከተጻፈው ይወፍራል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የጥገና መመሪያውን ገዝቼ ወጣሁ። ዘይት የነካ ጣት አላረፈበትም፤ ንጽሕናውን እንደ መልካም ምልክት ወሰድኩት።

ባለቤቴ አገላብጦ አየውና "መካኒክ መጽሐፍ ሲያነብ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ አጠገብ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ልጅ ሳለ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ ቅኔ ጀምሮ የተወ። ሁለተኛው የጅማ ሰው ነው፤ ቤቱ ኒው ሆፕ፣ ሥራው አረጋውያንን መንከባከብ፣ ልጅነቱን ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ ተፍሲር፣ የቁርኣኑን ትርጓሜ፣ ሲሰማ ያሳለፈ። ሦስቱ ኮፈኑን ከፍተው የሚፈታውን ሁሉ ፈቱ። የሚፈታው ሲያልቅ ምኑ ከየት እንደወጣ ጠፋቸው። ያኔ መጽሐፉ ታሰበ፤ እኔም ታሰብኩ።

"እህቴ፣ እስቲ አንብቢልን" አለ ሾፌሩ። "አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኛ እንሠራለን።"

ትርፍ ጎማው ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። እንግሊዝ የጻፈውን፣ አሜሪካ ቁጭ ብዬ፣ ጣሊያን ጥሎልን በሄደው ቃል ነው የምመልሰው፤ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። የመጽሐፉ ጸሐፊ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ከአፉ አይወጣም። "ሞተሩ በማለዳ ለመነሣት ጥቂት ሊያመነታ ይችላል፤ የካንዴላውን ሁኔታ መመልከት ሳይጠቅም አይቀርም" ይላል።

"ቆይ" አለ ሾፌሩ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጦ። "እዚህ ላይ ምሥጢር አለ። ሊያመነታ ይችላል አለ እንጂ ያመነታል አላለም። አንድም፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ብርድ ይዞት ነው። አንድም፣ የሚያመነታው ነጂው ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ነጂው ምን አደረገህ?" አለ ባለቤቴ።

"መጀመሪያ ለማን ተጻፈ ተብሎ ይጠየቃል" አለ የጅማው ሰው። "እንግሊዝ አገር ማለዳ ይዘንባል። ስለዚህ ለዝናብ ነው የተጻፈው። እኛን አይመለከትም።"

"ካንዴላውን ፈትታችሁ ብታዩትስ?" አልኩ።

"አቦ እህቴ፣ አትቸኩዪ" አለኝ። "ሳይገባን ነክተን እናጥፋ?"

እንዲህ እንዲህ እያለ ጋራዡ ትርጓሜ ቤት ሆነ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ቅዳሜ ያልቃል። "ሁለቱ ካርቡሬተሮች እርስ በርስ ካልተስማሙ ሞተሩ ዕረፍት አያገኝም" የሚለውማ ከባልና ሚስት ተነሥቶ፣ በወንድማማች አልፎ፣ መንግሥት ላይ ደርሶ ነው የቆመው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ማን ምን ብሎ ነበር ተብሎ ጭቅጭቅ ይነሣል። ስለሰለቸኝ የእያንዳንዳቸውን ቃል በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ፤ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ነገሩ በምን ላይ እንደቀረ። ስለ መንግሥት የተባለውን እንዳልጽፍ ለመኑኝ። ጽፌው ነበር፤ አጠፋሁት። አንዱ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ሲል ገጹን ገልጬ "ብለሃል፤ ይኸው" እላለሁ፣ ሦስቱም ዝም ይላሉ። ወንዶች እኔን ለመስማት ዝም ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው።

በጋውን ሙሉ መኪናዋ ያገኘችው አገልግሎት መታጠብ ነው።

ቅጠሉ ረገፈ። በመኪናዬ መስተዋት ላይ ማለዳ ማለዳ አመዳይ መታየት ጀመረ።

"ቃልህስ?" አልኩት ባለቤቴን።

"አልረሳሁም።"

አልተከራከረም፤ ማስታወቂያ አወጣ። ፎቶ ሊያነሣት ሲል ግን በሯን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አደረጋት።

ገዢው የመጣው ቅዳሜ ነበር፣ ሁሉም ባሉበት። የእነዚህ መኪኖች ወዳጆች ማኅበር አርማ ያለበት ኮፍያ ያደረገ ነጭ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞተር ሳታጠፋ መንገድ ዳር ቀረች። እንዲህ ያሉ መኪኖች ሁለት እንዳሉት፣ ሁለቱም እንደማይንቀሳቀሱ ማዕረጉን እንደሚናገር ሰው ነገረን። የእኛን ዞር ዞር ብሎ አየና ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ መጽሐፉ ላይ አረፈ። ገለጠው። ሌላ መነጽር አወጣ።

"ይህን ሁሉ ማን ነው የጻፈው?" አለ።

"ባለሙያዎች" አለ ባለቤቴ፣ እንግሊዝኛውን አሳምሮ።

ሽማግሌው ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ "ምን ይላል?" አለኝ። እኔ ደግሞ የተጻፈውን አስመስዬ መተርጎም አልችልበትም። "አንድም ካንዴላው ረጥቧል፤ አንድም ካንዴላው ደረቅ ነው፣ የረጠበው ሐሳባችን ነው። ቢፈታ ይታወቅ ነበር፤ ግን መሽቷል ይላል" አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። ስለነዚህ መኪኖች ከተጻፈው ሁሉ እንዲህ ያለ እውነት አንብቦ እንደማያውቅ ተናገረ። የተጠየቀውን ሳይከራከር ይከፍላል፣ ዛሬውኑ ተጎታች አምጥቶ ይወስዳታል፤ ከነመጽሐፏ ከሆነ ነው። ያለ መጽሐፉ አይፈልጋትም። "የማይነሣ መኪናማ ቤቴም አለኝ" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ስጪው እንጂ እህቴ" አለ ሾፌሩ በአማርኛ። "ሌላ ይገዛልሻል።"

"አቦ ጋራዥሽን አስቢ" አለ የጅማው ሰው።

ባለቤቴ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆሟል።

ጋራዤን አሰብኩ። ጥርን አሰብኩ፤ የበሩ እጀታ ጓንት ላይ ሲጣበቅ፣ ሞተሩ ሁለቴ አጉረምርሞ ጸጥ ሲል። እጄ ግን ቀድሞኝ መጽሐፉን ከሽማግሌው ተቀብሎ ዘጋው።

"መኪናዋ ትሸጣለች" አልኩት። "መጽሐፉ አይሸጥም። የማርሹን ምዕራፍ ገና አልጀመርነውም።"

ኮፒ ላንሣልህ ብዬውም ነበር። "ኮፒ?" አለና ከዚያ ወዲያ ፊት አልሰጠኝም። ሚስቱ ባዶ እጁን ሲመለስ ስታይ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ በእጇ ሰላም አለችኝ፤ ከማላውቀው ሰው እንዲያ ያለ የሞቀ ሰላምታ አግኝቼ አላውቅም።

"በረዶውስ?" አለኝ ባለቤቴ፣ ከሄዱ በኋላ።

"መፋቂያ ግዛልኝ" አልኩት። "እጀታው ረዘም ያለ።"

በሳምንቱ በረዶው ጣለ። መኪናዬን ጠርጌ፣ ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅሁ ጋራዥ ስገባ ሦስቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። የማርሹን ምዕራፍ ገለጥኩ። "ይህ ሥራ ለባለሙያ ቢተው ይመረጣል" ብሎ ነው የሚጀምረው። እንዳለ አነበብኩላቸው።

ሾፌሩ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። "እንግዲህ ባለሙያ ሲል ማንን ነው?"

"እዚህ ያለነውን ነዋ" አለ ባለቤቴ።

የጅማው ሰው ትንሽ አሰበና ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ተቃዋሚ አልተገኘም፤ እኔም እንደተባለው ጻፍኩት።