ካምፕ ድረስ የሄደ መርዶ

አከራዬ ጋሼ ሰው ያምናሉ፤ መብራት ግን አያምኑም። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት አሜሪካ መጥተው በዚያው የቀሩ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተው ፕሌዘንተን በምትባል ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ኦክላንድ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ስከራይ፣ ስለ ማጨስ ወይም ስለ እንግዳ የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያስጠነቀቁኝ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ምንም ነገር ቶሎ እንዳልሰካ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይነቀላል፣ አንድ አምፖል ብቻ ይተዋል፣ መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ካልተርገበገበ ሌላው ይሰካል። ኦክላንድ ውስጥ መብራት የሚጠፋው ከስንት አንዴ ስለሆነ ጋሼ ይህ ሁሉ ሙያቸው ያለ ሥራ መቀመጡ ይቆጫቸው ነበር።

አር ቪ የሚባለውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ቤት መሰል መኪና አሮጌውን የገዙ ጊዜ ግን ቀናቸው ደረሰ። መኪናው ቆሞ የሚያድርበት የካምፕ ሳይት መብራት ልክ እሳቸው እንደሚፈልጉት የማይታመን ነው። ሶኬቱ ፀሐይና ዝናብ የፈራረቀበት ምሰሶ ላይ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ኤሲውን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ኃይሉ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይዘላል። ጋሼ በምሰሶውና በአር ቪው መካከል የሚገባ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባል ሳጥን ገዙ። ሳጥኑ መብራቱን ዝም ብሎ አያስገባም። መጀመሪያ ቀይ አብርቶ ይመረምረዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ካመነበት አረንጓዴ ያበራና ያሳልፈዋል፤ ኃይሉ ከልክ ካለፈ ወይም ካነሰ ደግሞ ይዘጋበታል። ጋሼ ስለዚህ ሳጥን የሚያወሩት፣ እናቶች ዶክተር ስለሆነ ልጃቸው እንደሚያወሩት ነበር። እኔ በበኩሌ ከሰማሁት ብዛት ሳጥኑን ጠላሁት።

አንድ አርብ ጋሼ ብቻቸውን አር ቪውን እየነዱ ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ወዳለ አንድ ካምፕ ሄዱ። ማታውን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። እንደ እናት ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው አርፋለች።

ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ለቅሶውን አፍነው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሽማግሌ መጥራት ነበር። መርዶ ለሐዘንተኛው በስልክ አይነገርም፣ በሚስት አፍም አይነገርም። ጠዋት በማለዳ ትልልቅ ሰዎች ሄደው፣ አረጋግተው፣ እህል አቅምሰው ነው የሚናገሩት። ጋሼ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ ኪኒናቸውም በባዶ ሆድ አይዋጥም። እሑድ እስኪመለሱ መጠበቅም አይቻልም። ሲመለሱ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ እንጀራ ለመግዛት መቆማቸው አይቀርም፤ እዚያ አንዱ መንገደኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ቢላቸው እዚያው መንገድ ላይ ክልትው ይሉብናል። ሁላችንም የፈራነው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣን። መርዶ ነጋሪው ከሪችመንድ የመጡ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የባለቤትየዋ አክስት እትዬ ነበሩ። እኔ የተጨመርኩት የአበባ ማድረሻ ቫን ስለምነዳ ብቻ ነው። ባለቤታቸውና የቀሩት ለቀስተኞች ጥቁር ለብሰው በሦስት መኪና ከኋላ ይከተላሉ፤ ግን ነገሩ እስኪነገር የካምፑ በር ላይ ይቆያሉ።

ጋሼ ገና ሲያዩን እንዳይነቁብን ሽማግሌው ዘዴ ፈጠሩ፤ ሽርሽር የወጣን መምሰል አለብን። እሳቸው ከሙሉ ልብሳቸው ጋር የገለባ ባርኔጣ አድርገው፣ ከጎረቤት የተዋሱትን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘው መጡ። የምንሄድበት ካምፕ እንኳን ዓሣ ኩሬም እንደሌለው ብነግራቸው፣ ቁም ነገሩ መንፈሱ ነው አሉኝ። እትዬ ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ የኳስ ቡድን ዓርማ ያለበት ቀይ ሹራብ ደርበዋል፤ ነጠላቸውን በገበያ ከረጢት ደብቀውታል። የካምፑ ዘበኛ እኛን አየ፣ ከኋላችን የቆሙትን ጥቁር ለባሾች አየ፣ ከዚያ ሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

ጋሼ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ምሰሶው ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ቀና ብለው ባርኔጣውን፣ ዘንጉን፣ ቀዩን ሹራብ ተራ በተራ አዩ። እንኳን ደኅና መጣችሁ አሉና፣ ለምን መጣችሁ ሳይሉ፣ ስለ ሳጥኑ ማስረዳት ጀመሩ።

እትዬ ቁርስ በልተው እንደሆን ጠየቋቸው። አልራበኝም ብለው ወደ ቀዩ መብራት አመለከቱ። ዳቦ ቆርሼ ላምጣልህ ሲሏቸው ደግሞ ቮልት ስለሚባለው ነገር ከሥር መሠረቱ ጀመሩልን። ሽማግሌው በዚህ መሐል አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው። አሉም፤ ነገር ግን ያሉት፣ አሜሪካን አገር ለመብራት ዘበኛ መቅጠር መንግሥትን መናቅ ነው የሚል ነበር። ክርክር ተነሣ። ሁለቱ ሽበታሞች አንዱ በፒጃማ አንዱ በባርኔጣ ሆነው ስለ መብራት ኃይል ሲፋጠጡ፣ በሩ ላይ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ለቅሶውን ውጦ ይጠብቃል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ የሽማግሌውን ኮት ከኋላ ብጎትተው ዝንብ ያረፈባቸው ያህል እንኳ አልቆጠሩኝም።

እትዬ መላው ጠፋባቸውና እንቁላል ሊጠብሱ አር ቪው ውስጥ ገቡ። ብርድ ስለማይችሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አበሩ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ከፈቱ፤ ለሻይ የውሃ ማፍያውን ሰኩ። ወዲያው ቤቱ ጭር አለ፤ ምሰሶው ላይ ያለው፣ ኃይል ሲበዛበት መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ወድቋል። ጋሼ ሮጠው መለሱት፤ ሳጥኑ ግን ምርመራውን ከሀ ጀመረ። ሁላችንም በግማሽ የበሰለ እንቁላል ዙሪያ ቆመን ቀዩን መብራት በመስኮት ስናይ ቆየን። አረንጓዴው ሲበራ እትዬ ከደስታቸው ብዛት ሦስቱንም እንደገና ከፈቱ። እንደገና ጠፋ፤ ጋሼን ተከትለን ወደ ምሰሶው ወጣን።

ጋሼ ግን አልተቆጡም። መብራቱ በጠፋ ቁጥር ጊዜ እንደ ተጨመረለት ሰው ይረጋጋሉ። ጨርሻለሁ ያሉትን ማብራሪያ እንደገና ጀመሩልን።

ይኼኔ ዘበኛው በትንሿ የካምፕ መኪና መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና፣ በሩ ላይ ያሉት ዘመዶቻችን እያለቀሱ ስለሆነ የጎደለ ነገር ካለ ልረዳ ብሎ ጠየቀ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፤ ሁላችንም በደንብ ሰምተነዋል። ሽማግሌው ደንግጠው በአማርኛ መለሱለት።

«ፀሐዩ ነው፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን ወግቷቸው ነው።»

ፀሐይዋ ገና ከተራራው ጀርባ ነበረች። ጋሼ ወደ ሰማይ አንጋጠው አዩ።

«አዎ፣ እዚህ አገር ፀሐይ ያስቸግራል» አሉ።

ሳጥኑ እንደገና አረንጓዴ ቢያበራም ዞር ብለው አላዩትም። አር ቪው ውስጥ ገብተው ከትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኛም ተከትለናቸው ገባን። ያንን ያልበሰለ እንቁላል ወደ ራሳቸው ሳቡት። እትዬ ላሙቅልህ ቢሏቸው እጃቸውን አወዛወዙ። በዳቦ እየጠቀለሉ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ረጅም ጊዜ እያኘኩ፣ አልወርድ ሲላቸው በውሃ እየገፉ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በሉ። ኪኒናቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዋጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሽማግሌውን አዩ።

«በላሁላችሁ» አሉ። «አሁን ንገሩኝ።»