ዋንዛው ላይ የተቸነከረው አርማ

መቼ እንደሆነ ልክ አድርጌ አላስታውስም። ቡና ተለቅሞ ያለቀበት ወቅት ነበር፤ ዓመቱን ግን ተዉት።

አንድ ጀርመናዊ የጫካ ቡና ሊያጠና ሸኮ አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጥቶ፣ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ደግ ሰው ነበር። እኔ ሚዛን ከተማ ገበያ በዋልኩበት ቀን፣ ካገሩ ያመጣትን እንደ ጋሻ የተቆረጠች ቆርቆሮ፣ ቀፎ የምሰቅልበት ዋንዛ ላይ ቸነከራት። ናፍቆቱን እንድታስታግስለት ይሆናል። አረንጓዴ ናት፤ መሃሏን ነጭ ወንዝ ይከፍላታል፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ዛፍ ቆሟል።

እሱ ምን ያውቃል? በእኛ ዘንድ የቀፎ ዛፍ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው፣ ዛፉ የእሱ ነው። ያባቴ የመጥረቢያ ምልክት እዚያው ግንድ ላይ አለ። ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ ያባቱን ዛፍ ለፈረንጅ ሸጠ ተብዬ። ጎረቤቴ ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር አቆሙኝ። ሸጧል ከተባልኩ እሳት የሚያስጭረኝ ጎረቤት፣ ስሞትም የሚቀብረኝ የለም።

"መሸጥህን እመን" አሉኝ።

"አልሸጥኩም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው? የሙሽራ ጌጥ ነው?"

 ይሄኔ ምራቴ ጀርመናዊውን ይዛው መጣች። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ እሱ ሲናገር እሷ ወደ አማርኛ መለሰችው። ቆርቆሮዋ የትውልድ መንደሩ አርማ ናት። ድሮ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ በጫካ ሳቢያ ብዙ ዘመን ተጣሉ፤ ደምም ፈሰሰ። በኋላ ታርቀው አንድ ሲሆኑ፣ ከየጫካቸው አንድ አንድ ዛፍ አርማው ላይ አኖሩ። ያንዱ ዛፍ ካንዱ አይበልጥም። ይህ ነው ትርጉሙ።

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሁለቱን ዛፎች አዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ለእርቁ ምን አረዱ?" አለ።

"አላውቅም ይላል" አለች ምራቴ።

"ሳይታረድማ እርቅ የለም! ሄዶ አባቱን ይጠይቅ።"

ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ፈረዱ፦ "አርማው መልካም ነው። ዛፉ ግን የሌላ ምልክት አይሸከምም፤ ያንሳው። አንተም ነፃ ነህ።" ጀርመናዊው ምስማሩን ራሱ ነቀለ፤ የቆሰለውን ልጥም በመዳፉ ዳበሰው።

ምራቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ገብቷል። "ተቀመጪ እንጂ ልጄ" ቢሏት፣ "አባባ ቆመው እኔ ልቀመጥ?" ብላ ፍርዱ እስኪያልቅ ከጎኔ አልተነቃነቀችም። ያን ቀን ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ የልጄ ሚስት።