በአራት የታጠፈው ቢጫ ገመድ

በጥገና ቤቷ ግድግዳ ላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ከምንም በፊት ገመዱን ይቀይሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰፈሩ «ካቻቢቴ» እያለ የሚጠራት ይህች ጠጋኝ፣ ቴሌቪዥን ታቅፎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ወረቀቱን ሳያነብ ዕቃውን አትቀበለውም። ግማሹ አንብቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ቅዳሜ ረፋድ የሠራችውን ስህተት ደንበኞቿ ቢሰሙ ኖሮ መሳቂያ ያደርጓት ነበር።

ነገሩ የእሷና የወንድሟ የልጅነት የቴሌቪዥን ጌም ነው። ታላቅ ወንድሟ የአባታቸውን ዕቃ ቤት ሲያጸዳ አገኘውና ከነካሴቱ ይዞላት መጣ። አባታቸውንም ዳኛ ሁነን ብሎ በመኪናው አሳፍሯቸዋል። በዚህ የመኪና እሽቅድምድም አንደኛው ማን ነው የሚለው ክርክር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ትምህርት ተዘግቶ ወደ አክስታቸው ቤት በሚሄዱበት ዋዜማ፣ ወንድሟ ሻንጣ ሲያዘጋጅ እሷ ብቻዋን ተጫውታ የሱን ነጥብ አለፈችው። አላመናትም። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ደግሞ ምስሉ ተበላሽቶ የስም ዝርዝሩ የማይነበብ ሆኖ ጠበቃቸው።

ለወንድሟ ጉዳዩ ቀልድ ነው። እሷ ግን በሩጫም በትምህርትም በቁመትም በልጣው አታውቅም፤ በልጬዋለሁ የምትለው በዚህ ብቻ ነው፣ ለዚህም ማስረጃ የላትም። የነጥቡን መዝገብ የያዘችውን የካሴቱን ትንሽ ባትሪ ስትለካት ልታልቅ ምንም አልቀራትም። ካለቀች መዝገቡም አብሮ ይጠፋል።

ቶሎ ብላ ጌሙን አበራችው። ስክሪኑ ግራጫ ነው፣ መኪናዎቹ ይዋልላሉ፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል። የካሴቱን ጥርሶች በአልኮል ወለወለች። ለውጥ የለም። የኃይል ማስተላለፊያውን ቀየረች፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ቀየረች፣ ከዚያ የጌሙን ሆድ ከፍታ ያረጁ ሁለት ካፓሲተሮች ነቅላ አዲስ በየደችበት። እንዲህ ጓጉታ ዕቃ ከፍታ አታውቅም። አባትየው ወንበራቸው ላይ እየተቁነጠነጡ አሁንስ ይቅርባችሁ፣ ምሳ እንብላ ይላሉ። የሰማቸው የለም።

ወንድሟ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ወደ ግድግዳው አየ።

«ካቻቢቴ፣ ያ ወረቀት ምን ይላል?»

ፊቷ ቀላ። ገመዱን አልቀየረችውም ነበር። የሌላ ሰው ገመድ ቢሆን ገና ሳታየው ትጥለው ነበር፣ ይህ ግን የአባቷ ነው፤ በመሐረብ ጠቅልለው ያስቀመጡት፣ ጭረት የሌለበት። ልጆቹ ሳያጠኑ እንዳይጫወቱ አባትየው በየማለዳው ይህን ቢጫ የምስል ገመድ ነቅለው፣ በአራት አጥፈው፣ በኮታቸው ኪስ ይዘውት ሥራ ይሄዱ ነበር። አሁን እጥፋቱን በጣቷ ጫን ስትለው ስክሪኑ ላይ ቀይ ቀለም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ተበጥሷል። በራሷ ላይ ሳቀች፣ ከመደርደሪያው አዲስ ገመድ መንጥቃ ሰካች።

መንገዱ ጥቁር፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ መኪናው ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ዝርዝሩን ከፈተች። ጌሙ ለስም የሚቀበለው ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ሦስተኛው ወንድሟ ነው። ሁለተኛዋ እሷ ናት።

በልጣዋለች። ካቻቢቴውን ጥላ ብድግ አለች፣ ወንድሟን ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው፣ እሱም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እጅ ሰጠሁ አለ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ወደ ስክሪኑ ዞሩ። አንደኛው ማን ሊሆን ነው? ከላይ የተጻፈው ኤ፣ ቢ፣ ኤ ይላል። «አባ» ብላ አነበበች።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጌም የሥራ ፈት ነገር ነው እያሉ ያሳደጓቸው እኚህ ሰው ናቸው።

«ገመዱ እኔ ኪስ ነበረ» አሉ። «ለምሳ ስመጣ ቤቱ ባዶ ነው።»

«እኔ እንደበለጥኩት አይተህ ነበር ማለት ነው?» አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልክ?»

«የአንቺን ባወጣ የኔም ሊወጣ ነው።» አንገታቸውን ደፉ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺን ለማለፍ እኮ ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ምሳዬን አልበላሁም።»

ባትሪዋ ሳታልቅ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠግታ አንዱን ጆይስቲክ ሰጠቻቸው፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። ወንድሟ ተራውን ቆሞ ጠበቀ።