የወረደው የእጅ ፍሬን

ጸጉር ቤቴ ከኢሶጋይ ጋራዥ ፊት ለፊት ነው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሰው እየላጨሁ የእሱን ግቢ አያለሁ። ስለዚህ ሰውዬውን ከሚስቱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ደግሞ ሞታለች። ስለ እሱ ሳወራ «ከየት አመጣሽው» የሚለኝ ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ።

ኢሶጋይ ተጠራጣሪ ነው። እኔም ነኝ፣ አልደብቅም፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። እሱ ግን ይብሳል። የመኪና ዕቃ ሲመጣለት ካርቶኑን ከመክፈቱ በፊት ገልብጦ ቂጡን ያያል። ዓሣ ሻጩ ሲመዝንለት ሚዛኑን ትቶ የሻጩን አውራ ጣት ነው የሚመለከተው። መኪና ሠርቶ ሲጨርስ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ያስረክባል። ይኼን እዚህ አገር ብዙ መካኒክ ያደርገዋል፤ እሱ ግን ቤት ድረስ ተሸክሞ ይወስዳል። «ሰው ዓይኑን ነው የሚያምነው» ይላል። ሰው ሁሉ እንደ እሱ ይመስለዋል።

ልጅ አልወለደም። ሹንፔይ የሚባለው ሠራተኛው ከወደቡ ከተማ መጥቶ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮት ሠርቷል። ሹንፔይ በጉርምስናው ተራራው መንገድ ላይ የእጅ ፍሬን እየሳበ መኪና ሲያንሸራትት ፖሊስ ይዞት መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል። ኢሶጋይ ግን «እጁ ጥሩ ነው፣ ጭንቅላቱን እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ወሰደው። እውነትም ልጁ ተስተካከለ፣ አገባ፣ ወለደ። ኢሶጋይ በመጪው ጸደይ ጋራዡን ሊያስረክበው ቃል ገብቶለት ነበር። የሹንፔይ ሚስት ጸጉሯን ልትስተካከል በመጣች ቁጥር ወሬዋ ሁሉ ያ ጸደይ ነበር።

እንግዲህ ብርዱ እየገባ ሳለ ዶክተር ሂዳካ መኪናውን ይዞ መጣ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ በረዶ ከማያውቀው ከደቡብ አገር በዚያ ዓመት ነው የተሾመልን። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ልትስም የደረሰች ቀይ የስፖርት መኪና አለችው። ቤቱና ክሊኒኩ ዳገቱ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኗ ደግሞ አልይዝ ብሎታል። የማንሻው ጥርስ ተበልቷል፣ ፍሬኑን የሚስበው የሽቦ ገመድ፣ ካቮው፣ ዝጓል፣ የፍሬን ሸራው አልቋል።

ኢሶጋይ ያን ሰሞን ወገቡን ይዞት ስለነበር ሥራው ሁሉ በሹንፔይ ላይ ወደቀ። ሹንፔይ ማንሻውን በአዲስ ቀየረ፣ ካቮውን ቀየረ፣ ሸራውን ቀየረ። ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። የካቮው ማጥበቂያ ዳዶ ከጠበቀ ጎማው እየታሸ ይሄዳል፤ ከላላ ደግሞ ማንሻው ጣራ ድረስ ቢሳብም አይይዝም። ልጁ ትንሽ ያጠብቃል፣ ይወጣል፣ ማንሻውን ስቦ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ያዳምጣል፣ ጎማውን በእጁ ያሽከረክራል፣ ተመልሶ ይገባል። ኢሶጋይ ወገቡን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ከመኪናው ሥር ግን አልገባም። በኋላ ሲያንገበግበው የነበረው ይኸው ነው።

ዶክተሩ መኪናውን ተረክቦ ደጁ ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ማርሽ ሳያስገባ ፎሌ ላይ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ስቦ አቆማት። በማግስቱ ጠዋት ኢሶጋይ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄደ። ዶክተሩ በሽተኛ ይዞ ስለነበር በመስኮት «መኪናዋ ወንበር ላይ ጣልልኝ» አለው። ከምሳ በኋላ፣ ጎማው ሥር የተጋገረው በረዶ በፀሐይ ሲላላ፣ መኪናዋ ሹፌር ሳይኖራት ቁልቁል ወረደችና ከዳገቱ ሥር የሚኖሩት እማማ ኩራ በጭስ ሊያደርቁ ደጃቸው ላይ በሰቀሉት ነጭ ፍጅል ውስጥ ገብታ ቆመች። እግዜር ሲጠብቅ ሰው አልነበረበትም። እማማ ኩራ ከፍጅላቸው መሃል ቆመው «የጥርስ ሐኪም ነኝ ይላል እንጂ ነካሹ እሱ ነው» አሉ።

ማንሻው ወርዶ ተገኘ። ዶክተሩ በእናቱ ስም እየማለ «ስቤው ነበር» አለ። እንግዲህ ወይ ዶክተሩ ይዋሻል፣ ወይ አዲሱ ጥርስ አልያዘም። ኢሶጋይ ወደ ሹንፔይ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። መኪናዋን ጋራዥ አስጎትቶ አሳደራትና፣ በማግስቱ ወገቡን ታጥቆ ራሱ ሥሯ ገባ፤ ሹንፔይን ከአጠገቡ አስቁሞ የሠራውን አንድ በአንድ ፈታበት። ልጁ ሲፈታበት ቆሞ አየ። ፊቱ እንደ ሳሙና ነጥቶ ነበር።

ጥርሱ ደህና፣ ዳዶው ጥብቅ፣ ካቮው ልክ ሆኖ ተገኘ። ኢሶጋይ ከሰዓት በኋላ ጺሙን ሊላጭ እኔ ጋ መጣ።

«ምንም የለበትም» አለኝ።

«መኪናዋ ጋራዥ አድራለች አይደል?» አልኩት።

«አድራለች።»

«የጋራዡ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

ቁልፉ ሹንፔይ ጋ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። የላላ ነገር ከነበረ ሌሊቱን አጥብቆት ይሆናላ። ሰው ማመን ቀብሮ ነው፤ እኔ ያሰብኩትን ተናገርኩ፣ እሱ ግን ከእኔ በፊት አስቦት እንደነበር ከዓይኑ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ያለው ነገር አላማረም። ድሮ ምሳቸውን ከአንድ ምድጃ ዙሪያ ይበሉ የነበሩት ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሹንፔይ አንድ ጎማ አስሮ ሲነሳ ኢሶጋይ ሄዶ ብሎኑን እንደገና ይሞክራል። ዕቃ ቤቱንም መቆለፍ ጀመረ። የሹንፔይ ሚስት ጸጉሯን ልትስተካከል መምጣት ተወች።

በመጨረሻ ኢሶጋይ መኪናዋን ከመመለሱ በፊት እዚያው ዳገት ላይ ልፈትናት አለ። ዶክተሩ ወጣ፣ ሹንፔይ ተጠራ፣ እማማ ኩራ ፍጅላቸውን ሊጠብቁ ከታች ቆሙ። እኔም ደንበኛዬን ግማሽ ጺሙን ላጭቼ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ኢሶጋይ «ዶክተር፣ ያን ዕለት እንዳደረጉት ያድርጉ» አለ። ዶክተሩ ፎሌ ላይ አደረጋት፣ ማንሻውን ሳበ፣ ወረደ። መኪናዋ ቆመች። ኢሶጋይ በትከሻው ገፋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ቁና ቁና እየተነፈሰ ደግሞ ገፋት። ሹንፔይ በዚህ መሃል ከፊት ጎማው ሥር ታኮ አኖረ።

«ምን ያደርጋል ታኮው?» አለው ኢሶጋይ። «ሥራህን አታምነውም?»

«ሥራዬንማ አምነዋለሁ ጋሼ» አለ ሹንፔይ።

እኔ በልቤ ይኼ ልጅ የሚያውቀው ነገር አለ አልኩ። ተሳስቼ አልነበረም፤ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሆነ ነው የሳትኩት።

ብዙ ቆምን። መኪናዋ እንደተተከለች ናት። ዶክተሩ «ያዘ እኮ፤ ግቡና ትኩስ ነገር ጠጡ፣ በረዳችሁ» አለና ወደ በሩ ዞርን። ኢሶጋይ ኋላ ቀረ። መኪናዋን ነድቶ ሲያመጣ ጓንቱን ወንበሩ ላይ ረስቶ ኖሮ በሩን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ እግረ መንገዱን በሌላ እጁ የእጅ ፍሬኑን አወረደ። አወረደና በሩን ዘጋ። መኪናዋ ስንዝር ያህል ሄዳ ታኮው ላይ ጧ ብላ ቆመች።

ሁላችንም ዞርን። ኢሶጋይ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ዓይኑ የገዛ እጁ ላይ ነው።

እዚህ አገር ብርዱ ከገባ የእጅ ፍሬን የሚስብ የለም። ካቮው ውስጥ ውኃው ይቀዘቅዝና ሸራው ተጣብቆ ጠዋት መኪናው አይንቀሳቀስም። መኪና በማርሽ ይቆማል፣ ማንሻው ይወርዳል፣ አለቀ። የእንግዳ ሰው መኪና ተስቦ ካየን ለእሱ አዝነን እናወርድለታለን። ኢሶጋይ ዕድሜ ልኩን ለደንበኞቹ ሲያወርድላቸው ኖሯል፤ ሲያወርድ ራሱም አያውቀውም። እኔም በሕይወቴ ስንት መኪና እንዳወረድኩ እንጃ፤ ያን ሁሉ ቀን ስጠረጥር ይኼ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም። በማርሽ የቆመ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር። የዶክተሩ ግን ፎሌ ላይ ነበረች።

«ያን ጠዋት ዕቃውን ሳመጣ...» አለ ኢሶጋይ። አልጨረሰውም።

«አዎ ጋሼ» አለ ሹንፔይ።

«መቼ አወቅክ?»

«ከፍጅሉ ውስጥ ስናወጣት። የጋዜጣው ጥቅል ወንበሩ ላይ ነበር። እጅዎን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርስዎ ጥርሱን ጠየቁ፣ ዳዶውን ጠየቁ፣ ካቮውን ጠየቁ። እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር እኮ ጋሼ።»

ኢሶጋይ ቆቡን አወለቀ። ያ የታመመ ወገብ ታጥፎ ግንባሩ ጉልበቱ ጋ እስኪደርስ፣ በሁላችን ፊት፣ ጎንበስ አለ። ሲያጎነብስ ያየሁት በሚስቱ ቀብር ብቻ ነው። ሹንፔይም ከእሱ ዝቅ ብሎ አጎነበሰ፤ ከዚያ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» አለው። «ቂም የለኝም። ጋራዡን ግን አልቀበልም፤ ወደቡ ከተማ ሥራ ይዣለሁ። ነገም አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው፤ እኔ እንደዚያ ሆኜ መሥራት አልችልም።»

ተው ልለው ፈለግሁ። የቁልፉን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝና አፌን ያዝኩ። ኢሶጋይም አልለመነውም። «ገባኝ» ብቻ አለ።

ልጁ በረዶው ሳይቀልጥ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። ኢሶጋይ ዛሬም ብቻውን ይሠራል። አንዳንዴ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳለ መፍቻ ሲያስፈልገው፣ መዳፉን ከፍቶ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ትንሽ ይጠብቅና ወገቡን ይዞ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ራሱ ያነሳዋል።