በርበሬ የማይፈጭበት ወፍጮ ቤት

ባለቤቴ የሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ የሠራው ጸጉሩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ይሁን ሽበት መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ነው። አንድ ቀን እራት በልተን ስናበቃ «የራሳችንን እንክፈት» አለኝ። እኔ ያኔ ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት እሠራ ነበር። ዕቁባችን እስኪወጣ ጠብቀን ቀራንዮ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቤት ተከራየን። ቤቱ እርጅና የተጫነው ነው፤ ግን ቀድሞ እንጨት ሥራ ቤት ስለነበር ባለሦስት ፌዝ መብራት ገብቶለታል። ወፍጮ ያለዚያ አይዞርም። አዲስ መስመር ለማስገባት ደግሞ ስንቴ እንደሚያመላልስ የሞከረ ያውቀዋል።

ሁለት ወፍጮ ተከልን፤ አንዱ ለጤፍና ለሌላ እህል፣ አንዱ ለበርበሬና ለሽሮ። የባለቤቴ ሐሳብ ለልጆቻችን የሚተርፍ ቤት ማቆም ነበር። የአንዱን ዱቄት ከሌላው አይቀላቅልም፤ ያመጣችው ሴት ቆማ ካላየች የማንንም በርበሬ አይነካም። «ዛሬ የሸወድኳት ሴት ነገ ሰፈሩን ይዛብኝ ትሄዳለች» ይላል።

ከግድግዳችን ወዲያ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ወፍጮውን ሳንተክል ሁለታችንም ቤታቸው ገብተን «ድምፁና አቧራው ያስቸግርዎት ይሆን?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሥራ የሚሠራ ሰው አይከለከልም» አሉን። ያጉረመረመውን ጎረቤት እየዞሩ ያግባቡልንም እሳቸው ናቸው። ወፍጮው በተነሳ ዕለት «ገደ ቢስ አይደለሁም፣ አይዟችሁ» ብለው የመጀመሪያውን ጤፍ ይዘው መጡ።

ሥራው ያዘልን። አዲስ በርበሬ በሚገባበት ሰሞን ሴቶች ከዓለም ባንክ ሰፈር ሳይቀር ማዳበሪያቸውን በታክሲ ጭነው ይመጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቤቱን ያቆመው በርበሬው ነው፤ ጤፉ ኪራዩን እንኳ በወጉ አይሸፍንም። እኔም የጽዳት ሥራዬን ትቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

እየቆየ እማማ ከደጃቸው ጠፉ። ከሰዓት በኋላ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁት ሴት መስኮታቸውን ዘግተው መዋል ጀመሩ። ስጠይቃቸው «ጉንፋን ነው፣ ይተወኛል» ይሉኛል።

አንድ ቀን ደጁ በሰው ተሞልቶ በርበሬ እየተፈጨ ሳለ መብራት ሄደ። ወፍጮው እየተጎተተ ቆመ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ። ፋታ የማይሰጥ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ነበር።

«ማነው እንዲህ የሚያስለው?» አለች አንዷ ደንበኛ።

ባለቤቴ አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ያ ሁሉ ሳል እስከዛሬ በወፍጮው ድምፅ ተውጦ ኖሯል።

ሮጬ ገባሁ። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የረጠበ ነጠላ አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ነግሬሽ ምን ልትሆኚ? እሺ ብያችሁ የለ? እሺ ካልኩ በኋላ ተመልሼ ዝጉ ልበላችሁ?»

«እና ይሙቱ?»

«አትጩኺ፤ ደንበኞችሽ ይሰማሉ» አሉኝ።

በማግስቱ ቤቴል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አስም ነው ብሎ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣቸውና ከአቧራና ከጢስ እንዲርቁ አዘዛቸው። «የምኖረው ወፍጮ ቤት ሥር ነው» አላሉትም። እኔም አልነገርኩትም። በታክሲ ስንመለስ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግድግዳውን በሲሚንቶ ደፈነ፤ አየር ማስወጫ ገጥሞ ቧንቧውን ከጣሪያው በላይ አወጣ። ለጤፉ አቧራ ረዳ። በርበሬ ግን መንገድ አያጣም፤ ሽታው ጣሪያ ለጣሪያ ሄዶ እማማ ቤት ይወርዳል።

«በርበሬውን እናቁም» አልኩት።

«በርበሬውን ካቆምን ምን ቀረን? ጠይቀናቸው'ኮ ነው የገባነው።»

«እሺ ያሉን ስለሚወዱን ነው። ምን እንደሚመጣ መች አወቁ?»

«እኔስ መች አወቅኩ?» አለ። ለብዙ ቀን እህል አቀብለኝ፣ ማዳበሪያ ያዢ ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የበርበሬውን ወፍጮ ቀበቶ ፈትቶ አገኘሁት።

ደንበኛው ሳሳ። «ጤፍ እዚህ፣ በርበሬ እዚያ ስዞር ልዋል እንዴ?» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ቤት አከራያችን የኪራዩን ቀን ማስታወስ ጀመሩ። ባለቤቴ ከቆመው ወፍጮ አጠገብ ተቀምጦ የሚውልበት ቀን በዛ።

እማማ ዝምታውን ሰሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ በፌስታል በርበሬ ይዘው መጡና ባንኮው ላይ አስቀመጡት።

«ፍጪልኝ።»

«እማማ፣ አንፈጭም።»

«ወፍጮ ቤት ነው የከፈታችሁት ወይስ ገዳም? በእኔ ምክንያት የልጆች እንጀራ ተዘጋ ተብሎ እንዲወራብኝ ነው? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ማንም አይልም።»

«እኔ እለዋለሁ!» አሉ። ይህን እንዳሉ ሳላቸው ተነሳባቸው። ባለቤቴ ደግፎ ቤታቸው አስገባቸው። ፌስታሉ እዚያው ባንኮው ላይ ቀረ፤ ማናችንም ልንነካው አልደፈርንም።

ብዙም ሳይቆይ አየር ጤና ሰፈር የምትኖረው ሴት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ልጅቷ ትሁት ናት። «ጤናቸውን ለመከታተል እንዲመቸኝ ብዬ ነው» አለችን እንጂ አልወቀሰችንም። እማማ መኪና ውስጥ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልን። እኔ የቆምኩት የወፍጮ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቤት ባዶ ሆነ። ባለቤቴ ሳምንት ያህል ቆይቶ ቀበቶውን መልሶ ገጠመው። አልተቃወምኩትም። በርበሬው ተመለሰ፤ ደንበኛም ተመለሰ። ያ ደስታ ግን ገና ሳይሞቀን ልጅቷ የእማማን ቤት አከራየችው። የገቡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ አራስ ልጅ ይዘዋል። የሕፃኑ ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያየው ነበር። ማታ «ለበርበሬው ሌላ ቦታ እንፈልግ» አለኝ።

ዓለም ባንክ ጫፍ፣ የብረት ሥራ ቤቶች እንጂ መኖሪያ በሌለበት፣ ባለሦስት ፌዝ ያለው አንድ መጋዘን አገኘን። ከመፈለግ ይልቅ ያደከመን ሁለት ኪራይ መክፈሉ ነው። አሁን እሱ እዚያ በርበሬ ይፈጫል፤ እኔ ቀራንዮ ጤፍ እፈጫለሁ። የምንተያየው ሲመሽ ነው፤ እሱ እያስነጠሰው ይገባል። ወፍጮ ቤቱ አልተዘጋም፤ ለልጆቻችን ይተርፍ አይተርፍ ግን አላውቅም። ትልቁ ልጃችን ዱቄት የሚባል ነገር ማየት አይፈልግም።

አዲሱ ቦታ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሽሮ ይዤ እማማን ልጠይቅ አየር ጤና ሄድኩ። ቀላ ብለዋል፤ ትንፋሻቸውም ረግቷል። ልጃቸው ሥራ ናት። የልጅ ልጆቹም ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ስለ ሰፈሩ እያንዳንዱን ሰው ጠየቁኝ።

«በርበሬውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከሰፈር አውጥተነዋል፤ ዓለም ባንክ ነው አሁን» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ወጣ?» አሉ። «እንግዲያው ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ...»

ቤታቸው ሰው እንደገባበት ሁለታችንም እናውቃለን። እጃቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም ያመጣሁትን ሽሮ ከፍተው አሸተቱና «ጥሩ ነው፣ በደንብ ልሟል» አሉኝ።